መልስ፦ ብድር «ተከፈለ» ወይስ «ተለቀቀ»?
ባንክ ለተበዳሪው ገንዘቡን ሲሰጥ «ብድሩ ተከፈለ» ብዬ ሪፖርት ላይ ልጻፍ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አትጻፍ ወንድሜ! አንባቢው ዕዳው ያለቀ ይመስለዋል። «ብድሩ ተለቀቀ» በል። በጀትም እንዲሁ መጀመሪያ ይመደባል፣ ከዚያ ይለቀቃል።

«ከፈለ» በጣም የምወደው ቃል ነው። ዳቦ ለሁለት ይከፈላል፣ ደመወዝም ይከፈላል። መቁረሱም መስጠቱም አንድ ቃል ውስጥ ነው ያለው። ለብዙ ሰው ሲሆን «አከፋፈለ» ይመጣል፤ አክሲዮን ማኅበር ትርፉን ለባለአክሲዮኖች ያከፋፍላል። «አደለ» ግን ለእርዳታ እህል ይሻላል፤ ደመወዝ አይታደልም።

ዕቁብማ የራሱ አነጋገር አለው። ባለዕጣው «ዕቁብ ወጣልኝ» ይላል እንጂ «ተከፈለኝ» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

«ክፍያ ተፈጸመ» የሚለውን ለደመወዝ፣ ለኪራይና ለዕቃ ግዢ ተጠቀምበት።