የአየር ትራንስፖርትን ዘላቂነት መለካት እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባሕር ዳር የስታቲስቲክስ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በአየር ትራንስፖርት ማኅበራዊ፣ አካባቢያዊና ኢኮኖሚያዊ ዘላቂነት ላይ ልሠራ አስቤአለሁ። ሦስቱን ደምሬ ለእያንዳንዱ አየር መንገድ አንድ ነጥብ መስጠት ነው ሐሳቤ። ወንድሜ ግን ‹አቪዬሽን ውስጥ የሚበላው ፓይለትና ቴክኒሺያን ነው፣ ያንቺው ወረቀት ላይ ይቀራል› ይለኛል። በዚህ ሙያ ሥራ ይገኛል? ማስተርሴንስ ውጭ መማር አለብኝ?»

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ወንድምሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። «የዘላቂነት መለኪያ ባለሙያ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ከጠበቅሽ ብዙ ትጠብቂያለሽ። ሥራው ያለው በሌላ መደብ ስም ነው። አንዱ ቤት የነዳጅ መረጃ ተንታኝ ይለዋል። ሌላው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ባለሙያ ይለዋል። አንዳንዴም ሪፖርት ክፍል ውስጥ ተወሽቆ ታገኚዋለሽ። ደመወዝ አስተማማኝ የሚሆነው ደግሞ ሕግ «ለክታችሁ አምጡ» ያለበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከካርቦኑ ልጀምር።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ኮርሲያ የሚባል ሥርዓት አጽድቋል። ዓላማው የዓለም አቀፍ በረራዎችን ካርቦን መለካትና ከተወሰነ መነሻ በላይ የጨመረውን፣ ሌላ ቦታ ልቀት እንዲቀንስ በመክፈል፣ ማካካስ ነው። ከ2019 መጀመሪያ ወዲህ በዓለም አቀፍ በረራ በዓመት ከ10,000 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለቅ አየር መንገድ የበረራዎቹን ነዳጅ መዝግቦ ለሀገሩ ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱንም ገለልተኛ አረጋጋጭ ይመረምረዋል። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ላይ አለ። እንደ ኢትዮጵያ ያሉ ባሕር በር የሌላቸው ታዳጊ ሀገሮች በ2027 በሚጀምረው የግዴታ ምዕራፍ እንኳ ካልፈለጉ ማካካሻው ውስጥ አይገቡም። ከመለካት ግን ነፃ አይደሉም። የሥራ ወንበሩ ያለው እዚያ ነው። አንዱ አየር መንገዱ ጋ፣ አንዱ ሪፖርቱን የሚቀበለው ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ጋ፣ አንዱ አረጋጋጩ ጋ።

አውሮፓ ሲደርስ ሕጉ ይበልጥ ይጠነክራል። ከ2025 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርቶች ነዳጅ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ቢያንስ 2 በመቶ ዘላቂ የአቪዬሽን ነዳጅ (ከድፍድፍ ዘይት ሳይሆን ከሌላ ምንጭ የሚሠራ፣ ልቀቱ ያነሰ ነዳጅ) መቀላቀል አለባቸው። በ2030 ወደ 6 በመቶ ያድጋል። ፍራንክፈርት ላይ ነዳጅ የሚሞላ አውሮፕላን የየትም ሀገር ይሁን ይህ ይነካዋል። ወረቀቱን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። አንድ ኪሎ የጄት ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል ተብሎ ይሰላል። ነዳጁን በ3.16 ማባዛት ብቻ ነው፣ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ። የሚያስቸግረው ነዳጁ ስንት እንደሆነ ማወቅ ነው። ኮርሲያ ለዚህ አምስት የመለኪያ ዘዴዎችን ይፈቅዳል። በአንዱ፣ አውሮፕላኑ ሊንቀሳቀስ የጎማ ማገጃው ሲነሳ ታንኩ ውስጥ ከነበረው ላይ፣ ደርሶ ማገጃው ሲገባ የቀረው ይቀነሳል። በሌላው የነዳጅ አቅራቢው ደረሰኝ ነው የሚታየው። አቅራቢው የሚቆጥረው ሊትር ነው፣ ስሌቱ የሚፈልገው ኪሎ ነው። የነዳጁ ጥግግት ደግሞ ከሙቀቱ ጋር ይለዋወጣል። አንዱ ሠራተኛ በፓውንድ ሞልቶ «ኪሎ» ብሎ ያልፋል። የአንዳንዱ በረራ መዝገብ ከነጭራሹ ይጠፋል። የጎደለ መረጃ፣ ከመስመር የወጣ ቁጥር፣ የመለኪያ ስሕተት፣ ይኼ ሁሉ የተማርሽው ትምህርት አይደለም እንዴ? ፓይለቱ ይህን ሥራ አይሠራልሽም።

ቀጥሎ የሚመጣው አካፋዩ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ በረራ 20 ቶን ነዳጅ አቃጠለ እንበል። 63.2 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። 200 መቀመጫ አለው፣ ሁሉም ሞልቷል። ለአንድ ሰው 316 ኪሎ ደረሰው። አሁን ከሆዱ ውስጥ 10 ቶን ጭነት ነበር እንበል። አንድን መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ብለሽ በክብደት ስታካፍይው የሰዎቹ ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ይሆናል፣ ለአንድ ሰው ወደ 211 ኪሎ ይወርዳል። የኢካኦ ማስያ ደግሞ ለእያንዳንዱ መቀመጫ ሌላ 50 ኪሎ ይጨምራል፣ መቀመጫውም ኩሽናውም ለሰው ሲባል የተገጠመ ነውና። በዚህ ስታሰይው 237 ይሆናል። አንድ በረራ፣ አንድ ነዳጅ፣ ሦስት መልስ። አየር መንገዱ አንዲት ጠብታ ሳይቆጥብ በማስታወቂያው ላይ በሲሶ ሊሻሻል ይችላል ማለት ነው። አንድ ሰው ቁጥር ሲያሳይሽ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «በምን ተካፍሎ?» ይሁን።

ቦሌን ደግሞ ተመልከቺ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ትልቅ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይቸግረዋል። ወደ አሜሪካ የሚሄዱት የኢትዮጵያ በረራዎች እንደ ደብሊንና ሎሜ ባሉ ከተሞች ሲያርፉ የኖሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዋሽንግተን ሲመለሱ ግን በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባሉ። ዲያስፖራ ዘመድ ካለሽ ጠይቂው፣ በደንብ ያውቃታል። በመሐል ማረፍና እንደገና መነሳት ተጨማሪ ነዳጅ ይበላል። ይህን አየር መንገድ ከባሕር ዳርቻ ከሚነሳ ተወዳዳሪ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ብትደረድሪው የለካሽው የተራራውን ከፍታ ነው፣ የአሠራሩን ጥራት አይደለም።

ስለ አንድ ነጥብ ሐሳብሽ የምለውም ከዚሁ ይነሳል። ተዪው እልሻለሁ። ቢሾፍቱ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲስ ኤርፖርት ጥሩ ማሳያ ነው። ቦታው ከቦሌ ዝቅ ያለ ነው፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ በረራ የሚቃጠለው ነዳጅ ሊቀንስ ይችላል። በመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ በዓመት እንዲያስተናግድ ነው የታሰበው። ስለዚህ አጠቃላይ ልቀቱ ሊጨምር ይችላል። የውጭ ምንዛሪውና የሥራ ዕድሉ ከፍ ይላል። በዚያው መጠን እርሻቸውን ለቀው የሚነሱ ገበሬዎች አሉ። ሁሉንም ወደ ነጥብ ቀይረሽ ስትደምሪ ምን ሆነ? የአንዱ ቤተሰብ ማሳ በሌላው ሰው የትኬት ሽያጭ ተካካሰ። ክብደቱን ማን ሰጠ? አንቺ፣ ክፍልሽ ውስጥ ተቀምጠሽ። ይህ ስታቲስቲክስ አይደለም። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ። የት እንደሚጋጩ አሳዪ። ውሳኔውን መወሰን ላለበት ሰው ተዪለት።

ማኅበራዊው ክፍል «ለስላሳ» ነው ተብሎ ይናቃል። እኔ ግን ከሦስቱ ከባዱ እሱ ይመስለኛል። ለተነሺዎች ስንት ብር ካሳ ተከፈለ የሚለው መለኪያ ሆኖ ይቀርባል። ያ ወጪ ነው፣ ውጤት አይደለም። መለካት ያለበት ከዓመታት በኋላ የቤተሰቡ ገቢ ከበፊቱ ጋር ሲነጻጸር የት ደረሰ፣ ውኃው ስንት ደቂቃ ያስኬዳል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ቀጠሉ ወይ የሚለው ነው። ዓለም አቀፍ አበዳሪዎችም ኑሯቸው ቢያንስ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ይጠይቃሉ። ለዚህ ከመነሳታቸው በፊት የተሰበሰበ መነሻ መረጃ ያስፈልጋል። ሰዎቹ ከተበተኑ በኋላ በምንም ዘዴ አታገኚውም። ናሙና አወጣጥ የሚያውቅ ሰው በጊዜው መኖሩ ወሳኝ የሚሆነው ለዚህ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ንና የመሬት ካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን አንብቢ። ረጅም አይደሉም።

በነገራችን ላይ፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአብራሪዎቹ ጀምሮ ሁሉም ሴቶች በሆኑ ሠራተኞች ወደ ባንኮክ በሯል። ደስ የሚል ዜና ነው። መለኪያ ግን አይደለም። መለኪያው በየዓመቱ ከአብራሪዎች፣ ከቴክኒሺያኖችና ከሥራ አመራሩ ውስጥ የሴቶች ድርሻ ስንት ነው የሚለው ነው። ሪፖርቶች ውስጥ ፎቶ በቁጥር ቦታ ሲቀመጥ ታያለሽ፣ አትታለዪ።

ኢኮኖሚው ላይ ብዙ አልቆይም፣ መጽሐፍ ሞልቶታል። የመቀመጫ መሙላት መጠንንና የአንድ መቀመጫ ኪሎ ሜትር ወጪን (አንድን መቀመጫ አንድ ኪሎ ሜትር ለማብረር የሚወጣውን) እወቂ። የአየር መንገዱ ትርፍና የሀገር ጥቅም አንድ እንዳልሆኑም ያዢ። የዝዋይ ጽጌረዳ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ መሄዱ ካርቦን ነው፣ ለብዙ ሴት ሠራተኞች ደግሞ ደመወዝ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ የኬንያንና የኔዘርላንድን ጽጌረዳ አወዳድሮ ነበር። የኬንያው የአውሮፕላኑ ጉዞ ተጨምሮበትም ያነሰ ካርቦን ነበረው፣ ምክንያቱም የኔዘርላንዱ ግሪንሃውስ በኃይል የሚሞቅ ነው። ይህ ኬንያ ነው፣ በቀጥታ ወደ እኛ አታምጪው። የስሌቱን ወሰን የት ላይ እንዳሰመርሽ መልሱን እንደሚለውጠው ግን ያሳያል።

እንግዲህ ርዕስሽን አጥብቢው። እኔ ብሆን የምመርጠው «ከቦሌ በሚነሱ ጥቂት መስመሮች ላይ የማካፈያ ዘዴው ሲለወጥ የካርቦን ደረጃው ምን ያህል ይለዋወጣል» የሚለውን ነው። አየር መንገዶች የነዳጅ መረጃቸውን የንግድ ምሥጢር አድርገው ስለሚይዙ ደብዳቤ ጻፊ፣ ግን አትደገፊበት። የኢካኦ የካርቦን ማስያ ለሁሉም ክፍት ነው። ድርጅቱ በኮርሲያ የተሰበሰበውን ልቀት በሁለት ሀገሮች መካከል እየደመረ በየዓመቱ ያወጣል። የአውሮፕላኖች የመቀመጫ ብዛትም ይገኛል። ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። ማኅበራዊውንና ኢኮኖሚውን በአንድ ምዕራፍ ንኪያቸው፣ ግን ለክቻቸዋለሁ አትበዪ።

ኤክሴል ታውቂያለሽ ብዬ ልለፍ። ኤስኪውኤልና አር ወይም ፓይተን ጨምሪ። ኢካኦ የተመሠረተበት የቺካጎ ስምምነት አባሪ 16 ቅጽ 4ን አንብቢ፣ ኮርሲያ የተጻፈው እዚያ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ይህን ሰነድ አንብቤዋለሁ» የሚል አመልካች ብዙ አይመጣም። ስታመለክቺ አየር መንገዱ ላይ ብቻ አትንጠልጠዪ። ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ አለ፣ የአካባቢ ግምገማ የሚሠሩ አማካሪ ድርጅቶች አሉ። ሙያው ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካም ወደ መርከብ ድርጅትም ይዞሽ ይሄዳል፣ የሚለወጠው ማባዣው ቁጥር ነው።

ማስተርሱን አሁን አትቸኩዪበት። ሁለት ዓመት መረጃው ውስጥ ገብተሽ ሥሪ፣ ከዚያ ምን እንደጎደለሽ ታውቂያለሽ። ነፃ የትምህርት ዕድል ካገኘሽ ሌላ ነገር ነው፣ ሂጂ። ከዚያ ውጪ በሁለት ሳምንት «የዘላቂነት ባለሙያ» የሚያደርጉ በዶላር የሚከፈልባቸው ሰርተፊኬቶች አሉ። ገንዘብሽን ለላፕቶፕ አውዪው። አማካሪሽ አዲሱን ርዕስ ካልተቀበለ የ316፣ የ211 እና የ237ቱን ስሌት በአንድ ገጽ አድርገሽ አሳዪው።