ካልሲየሙ ሞልቶ ኮራሉ ለምን ማደግ አቆመ?

ከደብረ ብርሃን የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «200 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም አለኝ። ኮራሎቹ (አጽም የሚሠሩት የባሕር እንስሳት) ማደግ ካቆሙ ቆይተዋል። በየሳምንቱ ካልሲየም ክሎራይድ እጨምራለሁ፤ አልካሊኒቲው (አሲድን የሚቋቋመው የውሃው ባይካርቦኔትና ካርቦኔት) ግን መውረዱን አልተወም። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ልስጥ ብዬ ካልሲየሙንና ቤኪንግ ሶዳውን በአንድ ጆግ ስበጠብጣቸው እንደ ወተት ነጣ። ማሞቂያውም ነጭ ቅርፊት ይዟል። ስለካው ካልሲየም 490 ሚሊግራም በሊትር፣ አልካሊኒቲ 5.8 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ)፣ ማግኒዥየም 1120፣ ጨዋማነት 35፣ የጠዋት ፒኤች 7.9 ነው። ምን ልጨምር? ኖራስ ይሆናል?»

ካልሲየም አይጨምሩ። የተፈጥሮ የባሕር ውሃ ያለው ካልሲየም 410 እና 420 አካባቢ ነው፤ የእርስዎ ከዚያ አልፏል። የጎደልዎ አልካሊኒቲና ማግኒዥየም ነው።

ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ነው። በዚህ ሥራ አልካሊኒቲ 1 ዲኬኤች ሲወርድ ካልሲየም የሚቀንሰው 7 ሚሊግራም በሊትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አልካሊኒቲው ከ8 ወደ 5.2 ቢወርድ፣ ማለትም ከያዘው ሲሶው ቢያልቅ፣ ካልሲየሙ የሚጎድለው 20 ነው። የቤት መለኪያ ኪት ይህን ልዩነት በቅጡ አይለየውም። ብዙ ሰው ካልሲየም ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በየቀኑ የሚያልቀውን የሚናገረው አልካሊኒቲ ስለሆነ መጠኑን በእሱ ይቁረጡ።

ጆጉ ውስጥ የታየው ነጭ ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሁለቱ ወፍራም ሆነው ሲገናኙ ወዲያው ይዘቅጣል። ይድፉት እንጂ ገንዳው ውስጥ አይጨምሩት፤ ብናኙ ለሌላ ዝቃጭ መነሻ ይሆናል። ማሞቂያው ላይ የያዘውም ያው ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ከብዙ ጨዎች በተለየ ሙቀት ሲጨምር የመሟሟት አቅሙ ይቀንሳል። ማግኒዥየም በቂ ሲሆን በሚፈጠረው ክሪስታል ገጽ ላይ እየገባ እድገቱን ይገታዋል። 1120 ላይ ሲሆን ግን ይህ መከላከያ ይላላና የጨመሩት ሶዳ ኮራሉ ጋ ሳይደርስ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። ቅርፊቱን ለማስለቀቅ ማሞቂያውን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ውሃው ውስጥ እንዳለ ሩብ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ አውጥተው አቼቶ ውስጥ ይዘፍዝፉትና በንጹህ ውሃ ያለቅልቁት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 200 ሊትር የተባለው የመስታወቱ ልክ ነው፤ ድንጋዩና አሸዋው ሲቀነስ የውሃውን መጠን 160 ሊትር ብለን እንሥራ።

መጀመሪያ ማግኒዥየሙን ከ1120 ወደ 1300 ያድርሱ። ለዚህ 240 ግራም ያህል የማግኒዥየም ክሎራይድ ቅንጣት (ውሃ ያዘለው ዓይነት) ይበቃል። በአራት ቀን ከፍለው በየቀኑ 60 ግራም በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ሙሉ በሙሉ አሟሙተው፣ ፓምፑ በሚገፋበት ቦታ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ክሎራይዱ ከጠፋ ኤፕሰም ሶልት (ማግኒዥየም ሰልፌት) 290 ግራም ያህል ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ለአንድ ጊዜ ማስተካከያ ችግር የለውም፣ ሁልጊዜ እሱን ብቻ መጠቀም ግን ሰልፌቱን ያከማቻል።

ቀጥሎ አልካሊኒቲው። በ160 ሊትር ውሃ 1 ዲኬኤች ለመጨመር 4.8 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ይፈልጋል። ከ5.8 ወደ 8 ለመድረስ 10.6 ግራም መሆኑ ነው። በአንድ ቀን አይስጡት፤ በየቀኑ 2.6 ግራም እየሰጡ በአራት ቀን ያዳርሱት። ኮራል ዝቅ ያለ አልካሊኒቲ ይችላል፣ ድንገተኛ ዝላይ ግን ጫፉን ያነጣዋል። በማንኪያ ሳይሆን በወርቅ ሚዛን ዓይነት ትንሽ ሚዛን ይለኩ። ዕቃውን ሲገዙ ልብ ይበሉ፦ ለዳቦ የሚሸጠው ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፤ ውስጡ አሲድና ስታርች አለበት፤ ገንዳ ውስጥ አይገባም።

8 ላይ ሲደርሱ ለሁለት ቀን ምንም አይጨምሩና በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ። ለምሳሌ ከ8 ወደ 7.2 ከወረደ የቀን ፍጆታው 0.4 ነው፤ የቀን መጠንዎ 1.9 ግራም ሶዳ ይሆናል። በዚህ ፍጆታ ካልሲየሙ በቀን 3 ያህል ይቀንሳል፤ ከ490 ወደ 430 ለመውረድ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ሶዳ ብቻ ይስጡ። 430 ሲደርስ በቀን 1.7 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ (ዳይሃይድሬቱን፣ ማለትም ውሃ ያዘለውን ዓይነት) ይጀምሩ። ሶዳውን ጠዋት፣ ካልሲየሙን ማታ፣ በየራሳቸው ዕቃ በጥብጠው ይስጡ። ለሲሚንቶ ማፍጠኛ ወይም ለአቧራ ማብረጃ የሚሸጠውን አይውሰዱ፤ ለምግብ ወይም ለላቦራቶሪ የተዘጋጀውን ይፈልጉ።

ስለ ጠዋቱ ፒኤች 7.9 አይደንግጡ፤ የአልካሊኒቲ ማነስ ነው ብለውም አይደምድሙ። ሌሊት መብራት ስለሌለ ፎቶሲንተሲስ ይቆማል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል፣ ፒኤቹ ይወርዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤችን ያወርዳል እንጂ አልካሊኒቲን አይነካም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱም ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተማ ያነሰ ነው፤ በመስኮት ንጹህ አየር የሚገባበት ገንዳ እንዲያውም ፒኤቹ ትንሽ ከፍ ማለት ነበረበት። የእርስዎ ዝቅ ያለው ብርዱን ሸሽተው ቤቱን ጥርቅም አድርገው ስለሚያድሩ ይመስለኛል፤ ከሰል የሚያነዱ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል (በተዘጋ ቤት ከሰል ለሰዎቹም አደገኛ ነው)። የስኪመሩን (አየር እየሳበ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውን መሣሪያ) የአየር ቱቦ በመስኮት አሳልፈው ወደ ውጭ ያውጡት። ይህ ካልተቻለ ሶዳውን በ200 ዲግሪ ምድጃ አንድ ሰዓት ያብስሉት፤ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ይለወጥና ፒኤችን ከፍ ያደርጋል። ክብደቱ ስለሚቀንስ 1.9 ግራም የነበረው 1.2 ግራም ይሆናል።

የተነነውን ውሃ የሚተኩት በቧንቧ ውሃ ከሆነ ያቁሙ። በበጋ አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ ከሞቀው ገንዳ የሚተነው ብዙ ነው። ከባዛልት አለት የሚወጣ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ባይካርቦኔትና ሲሊካ ይዞ ይመጣል። ባይካርቦኔቱ ልኬትዎን ያዛባል፣ ሲሊካው ቡናማ አልጌ ያበቅላል። የተጣራ (አርኦ) ወይም የተነጠረ ውሃ ብቻ ይጨምሩ።

ኖራን በተመለከተ፣ በአካባቢያችን ለአሲዳማ አፈር የሚሰጠው የግብርና ኖራ በአብዛኛው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ፒኤቹ 8 በሆነ የባሕር ውሃ አይሟሟም፤ ከታች ተኝቶ ይቀራል። የግንባታ ኖራም ከቆሻሻ ስለማይጸዳ ይቅርብዎ። የሚሠራው ንጹህ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ካልሲየምና አልካሊኒቲን በሚፈለገው ምጥጥን ባንድ ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ ካልሲየሙ 430 ከገባ በኋላ ሶዳውንም ክሎራይዱንም ትተው ወደ እሱ መዞር ይችላሉ፤ እኔም ይህን እመርጣለሁ። ለ0.4 የቀን ፍጆታ 0.85 ግራም በቀኑ የትነት ምትክ ውሃ ውስጥ በጥብጠው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ፣ አንድ ሰዓት ይጥለል፣ የጠራውን ብቻ ይውሰዱ። ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ ፒኤቹ 12 ድረስ ሊደርስ የሚችል ዓይን የሚያቃጥል ፈሳሽ ነው።

የሚሰጠውም በጠብታ ነው፤ ሌሊቱን፣ ፒኤች ዝቅ በሚልበት ሰዓት። ፋርማሲ የሚሸጠው የግሉኮስ ቱቦ ለዚህ ይመቻል፤ መቆጣጠሪያውን አጥብበው የቀኑ ድርሻ እስኪነጋ እንዲያልቅ ያድርጉት። እንከኑ ይህ ነው፦ በስበት የሚወርድ ጠብታ መብራት ሲጠፋ አይቆምም፣ የገንዳው ፓምፕ ግን ይቆማል። ያኔ ኖራው ባንድ ጥግ ይከማችና አጠገቡ ያለውን ኮራል ያቃጥላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ጠብታውን ዘግተው ያድሩ፤ ወይም ቱቦውን ትተው ከዋናው ፓምፕ ጋር በአንድ ማከፋፈያ የተሰካ ትንሽ የዶዝ ፓምፕ (ፈሳሽ በልክ የሚሰጥ) ይጠቀሙ።