ቀዳዳዋ ትንሽ ናት ብለሽ እንዳትተያት

እህቴ፣ ውሻሽን ሌላ ውሻ አንገቱ ላይ ነክሶት ደሙ ስለቆመና ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ስለሚታይሽ «ሐኪም ጋ ልውሰደው ወይስ በራሱ ይድናል?» ብለሻል። ውሰጂው። ዛሬውኑ።

ውሻ ነክሶ ዝም አይልም፣ ይዞ ይነቀንቃል። ቆዳው ልል ስለሆነ ከጥርሱ ጋር ይሳባል፣ ከስር ያለው ሥጋ ግን ይተለተላል። ከላይ የምታይው የእስክሪብቶ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ነው፣ ጀርሙ ግን ጥልቅ ገብቷል። መግሉ ብዙ ጊዜ የሚቋጥረው ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ነው፣ ልክ «ተሻለው» ብለሽ ስትዘናጊ።

1. ከመንካትሽ በፊት አፉን በጨርቅ እሰሪው። ያመመው ውሻ እናቱንም ይነክሳል። ትንፋሽ ካጠረው ግን አትሰሪው፣ ይዘሽው ሩጪ። ድዱ ከገረጣም እንደዚያው።

2. ጓንት አድርገሽ በጨው ውሃ እጠቢው፤ ፈልቶ ለብ ባለ 1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው። አልኮል አታስነኪው፣ ደህናውን ሥጋ ይጎዳል። የሰው ማስታገሻም አትስጪው። አይቡፕሮፌን የውሻ ጨጓራና ኩላሊት ያበላሻል።

3. ክሊኒክ ስትደርሺ ዝም ብለሽ አትቀመጪ። እኔ ውሻዬን ቡቺን የወሰድኩበት ቦታ ተቀባይዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየን «የውሻ ጸብ ነው? ተራ ጠብቁ» አለችን። ሐኪሙ ደግሞ ፀጉሩን ሳይላጭ፣ ውስጡን ሳያጥብ፣ ከላይ በጥጥ ጠረግ አድርጎ ቀዳዳዋን ጥርቅም አድርጎ ሰፋት። «አይላጭም እንዴ? ውስጡ አይታጠብም?» ብዬ ጠየቅኩት። «እርስዎ ሐኪም ነዎት?» አለኝ። አይደለሁም፣ ግን ዓይን አለኝ! ብዙም ሳይቆይ አንገቱ አበጠ፣ ሰውነቱ ተቃጠለ፣ ምግብ ጠላ። ስደውል «ልሶት ይሆናል» አሉኝ። አንገቱን! ውሻ የራሱን አንገት እንዴት አድርጎ ነው የሚልሰው?

ሌላ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ስፌቱን ስትፈታው የወጣው መግል... ይቅር። ላጭታ፣ ደጋግማ አጥባ፣ ፈሳሹ የሚወጣበት ቀጭን ቱቦ አስገብታ፣ አንቲባዮቲክ አዘዘችለት። የጠየቅኩት ጥያቄ ልክ እንደነበረም ነገረችኝ፣ ለዚያኛው ሰውዬ ሄዳ ብትነግርልኝ ደስ ባለኝ። መስፋት ሁሌ ጥፋት አይደለም፣ በደንብ ታጥቦ ሲሆን ይሰፋል። ሳይታጠብ ከተዘጋ ነው ጉዱ። ስለዚህ ሳታፍሪ ጠይቂ፣ ከተቆጡሽም ይቆጡ። አንቲባዮቲኩን ደግሞ ዳነ ብለሽ መሃል ላይ አታቁሚ።

የእብድ ውሻ በሽታ ነገር ቀልድ የለውም። የነከሰው ውሻ ባለቤት የክትባት ካርድ ያሳይሽ፣ ውሻውም 10 ቀን ታይቶ ይቆይ። ያንቺ ውሻ የተከተበ ቢሆንም ማጠናከሪያ ቶሎ ይሰጠዋል። የነከሰው ውሻ ለሃጭ እጅሽ ላይ ያለ ጭረት ነክቶ ከሆነ 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ታጠቢና አንቺም ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ደረሰኞችሽን አትጣይ። የነከሰው ውሻ ባለቤት ሁለቱንም ደረሰኝ ሳሳየው ያለ ክርክር ከፈለኝ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ግን «ሕክምናው ተሰጥቷል» ብሎ አንዲት ሳንቲም አልመለሰም።