አዋጥተን ያሠራነው ጨዋታ ለምን ይቆለፍብናል?

በዚህ እትም የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ዓምድ፣ በሕዝብ መዋጮ ስለሚሠሩ የቪዲዮ ጨዋታዎችና በተለምዶ ዲአርኤም ስለሚባለው የዲጂታል ቁጥጥር ሥርዓት ከደረሱን ደብዳቤዎች ለአራቱ ምላሽ እንሰጣለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ በኩል ለአንድ ጨዋታ መዋጮ ከፍሎልኝ ነበር። እንዲከፍልልኝ የጠየቅሁት በዘመቻው ገጽ ላይ ጨዋታው ያለ ዲአርኤም እንደሚቀርብ በግልጽ ተጽፎ ስላነበብሁ ነው፤ እዚህ ኢንተርኔት በፈለጉት ሰዓት እንደማይገኝ ታውቃላችሁና። አሁን አዘጋጆቹ ጨዋታው በተከፈተ ቁጥር ከሰርቨር (በኢንተርኔት ከሚገኝ የኩባንያው ኮምፒውተር) ጋር መገናኘት እንዳለበት አስታውቀዋል። «ይህ የጨዋታው አሠራር እንጂ ዲአርኤም አይደለም» ይላሉ። እውነት ነው? ገንዘባችንንስ ማስመለስ እንችላለን?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አዘጋጆቹ የሚሉት በቃል ደረጃ ሊያከራክር ይችላል፤ በተግባር ግን የእርስዎ ስጋት ትክክል ነው። ዲአርኤም ጨዋታውን የያዘው ሰው ሕጋዊ ገዢ መሆኑን የሚያጣራ ሶፍትዌር ሲሆን፣ አንዳንዱ ጨዋታው ሲጫን አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዳንዱ በየተወሰነ ጊዜ፣ ሌላው ደግሞ ጨዋታው በተከፈተ ቁጥር ከኩባንያው ሰርቨር ፈቃድ ይጠይቃል። የጨዋታው ሥራ በከፊል ሰርቨር ላይ እንዲሆን ሲደረግ ደግሞ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ሶፍትዌር ባይኖርም እንኳ ውጤቱ ያው ነው፤ መስመር ሲቋረጥ ወይም ኩባንያው ሰርቨሩን ሲዘጋ በኮምፒውተርዎ ላይ ያለው ፋይል ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ስሙን ትተን፣ ኩባንያው በሌለበት ጨዋታው ይሠራል ወይስ አይሠራም ብለን መጠየቅ አለብን። እርስዎም ገንዘብ ያወጡት ለዚህ ጥያቄ «ይሠራል» የሚል መልስ እንዳገኙ በማመን ነው።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ካነጋገሩት ጨዋታዎች አንዱ ኤሊት ዴንጀረስ ነው። የብሪታንያው ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ በ2012 መገባደጃ በኪክስታርተር በከፈተው ዘመቻ ከ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሰበሰበ። ዘመቻው ገና በመካሄድ ላይ ሳለ ተጫዋቾች ያለ ኢንተርኔት ለብቻ መጫወት ይቻል እንደሆነ ጠይቀው፣ ይቻላል የሚል ምላሽ ተሰጥቷቸው ነበር። በኖቬምበር 2014፣ ጨዋታው ሊወጣ አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ ይህ ክፍል መሰረዙ ተነገረ። በወቅቱ የኩባንያው መሪ የነበሩት ዴቪድ ብሬበን የጨዋታው ዓለምና በውስጡ የሚካሄደው ታሪክ በሰርቨር ላይ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ቅጂ የተጎደለ እንደሚሆን አስረዱ።

ምክንያቱ እውነተኛ የቴክኒክ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል እንቀበላለን። ያሳዘነን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ኩባንያው መጀመሪያ ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ጨዋታው በሙከራ ላይ ሳለ ገብተው የተጫወቱ ሰዎች፣ በኪክስታርተር የከፈሉትን ጨምሮ፣ ገንዘባቸው እንደማይመለስ ተገለጸ፤ ተመላሽ የተፈቀደው ከኩባንያው መደብር ቀድመው ገዝተው ገና ላልተጫወቱት ነበር። ጨዋታው ገና ሐሳብ ሳለ አምነው ገንዘባቸውን ያወጡና ስሕተቱን እየለቀሙ በሙከራው የረዱ ሰዎች፣ ዘግይተው ከመጡት ያነሰ መብት እንዲኖራቸው ተደረገ ማለት ነው። ይህን በምንም መንገድ ፍትሐዊ ልንለው አንችልም።

ሌላው ምሳሌ ሻዶውረን ሪተርንስ ነው። ሃርብሬይንድ ስኪምስ የተባለው የጨዋታ ስቱዲዮ በ2012 ለዚህ ጨዋታ 400,000 ዶላር ጠይቆ ከ1.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ፤ ለመዋጮ ሰጪዎቹም ያለ ዲአርኤም እንደሚያስረክብ ቃል ገባ። ይሁን እንጂ የሻዶውረን የቪዲዮ ጨዋታ መብት ባለቤት ማይክሮሶፍት ነበር። በ2013 ስቱዲዮው የፈቃድ ውሉ ዲአርኤምን እንደሚያስገድድ፣ ለመዋጮ ሰጪዎች ግን ዋናው ጨዋታና ቀጥሎ የሚመጣው የበርሊን ክፍል በልዩ ሁኔታ ያለ ዲአርኤም እንደሚሰጣቸው፣ ሌላው ሁሉ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር በኩል ብቻ እንደሚቀርብ አስታወቀ። ይህ ተቃውሞ ካስነሣ በኋላ ገደቡ ላልቶ ጨዋታው ያለ ዲአርኤም ለሁሉም ለመሸጥ በቅቷል። ከዚህ የምንረዳው፣ ቃሉን የሰጠው ሰው ቅን ቢሆንም የመብቱ ባለቤት ሌላ ከሆነ ቃሉን ብቻውን ሊጠብቀው እንደማይችል ነው። መዋጮ ሰጪ ይህን የማወቅ መብት ያለው ከመክፈሉ በፊት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ተጫዋች ደግሞ ነገሩ ከምቾት ያለፈ ነው። ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፣ በየጅማሬው ፈቃድ የሚጠይቅ ጨዋታ የነበረው ሰው ገንዘብ የከፈለበት ነገር እጁ ላይ እያለ ሊጠቀምበት አልቻለም፤ የመጫኛ ፋይሉን በዲስኩ ላይ ያስቀመጠ ግን መጫወቱን ቀጥሏል። ስለዚህ ጥያቄዎን እንደ ቅንጦት የሚቆጥር ሰው ቢያጋጥምዎ አይቀበሉት።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ በኪክስታርተር ደንብ መሠረት ውሉ የሚጸናው በአዘጋጁና በመዋጮ ሰጪው መካከል ሲሆን፣ ድርጅቱ ራሱ የውሉ አካል አይደለም፤ ገንዘብም አይመልስም። አዘጋጁ ግን ቃል የገባውን የማስረከብ ግዴታ አለበት፤ ካልቻለም ገንዘቡ እንዴት እንደዋለ ማስረዳትና ከተረፈው ላይ እንዲመለስላቸው ማድረግ ይጠበቅበታል። ይህ ግዴታ በፍርድ ቤትም ተፈትኗል። የዋሽንግተን ግዛት ዐቃቤ ሕግ በ2014 የመጫወቻ ካርታ ሊያሳትም ገንዘብ ሰብስቦ ሳያስረክብ በቀረ ድርጅት ላይ ክስ መሥርቶ፣ በ2015 በግዛቱ ለሚኖሩ 31 መዋጮ ሰጪዎች ገንዘባቸው እንዲመለስና ድርጅቱ የገንዘብ ቅጣት እንዲከፍል ተፈርዷል። እርግጥ ነው፣ ያ ጉዳይ ፈጽሞ ያልቀረበ ዕቃን የሚመለከት ነበር፤ የእርስዎ ጨዋታ ግን ቀርቧል፣ የቀረበበት መንገድ ነው የተለወጠው፤ ስለዚህ ክርክሩ የበለጠ ይከብዳል። ቢሆንም ወንድምዎ የከፋዩ አካውንት ባለቤት እርሱ በመሆኑ በራሱ ስም ይጻፍ፤ ቃሉ የሰፈረበትን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ያያይዝ፤ ከሁለት አንዱን፣ ማለትም ያለ ሰርቨር የሚሠራ ፋይል ወይም ሙሉ ተመላሽ፣ በቀነ ገደብ ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ መዋጮ የሰጠሁበት ጨዋታ በስቲም ይመጣል ተብሎ ሳለ ለአንድ ዓመት በሌላ መደብር ብቻ ይሸጣል ተባለ። ይህም ዲአርኤም ነው?
ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። መደብሩ መሸጫው ነው፤ ዲአርኤም ግን ከጨዋታው ጋር የሚመጣ ቁልፍ ነው፤ በየትኛውም መደብር ሊኖር ወይም ላይኖር ይችላል። የእርስዎ ቅሬታ የቃል ለውጥን የሚመለከት ሲሆን፣ በዚያም ብቻዎን አይደሉም። ፊግ በተባለ የመዋጮ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ገንዘብ የተሰበሰበለት ጨዋታ ፊኒክስ ፖይንት በማርች 2019 ለአንድ ዓመት ወደ ኤፒክ መደብር ብቻ መዛወሩ ሲነገር፣ አዘጋጁ ስናፕሾት ጌምስ ተመላሽ ለሚፈልጉ ሁሉ እንደሚመልስ አብሮ አስታወቀ። በኪክስታርተር ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኘው ሼንሙ 3 በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ውሳኔ ሲያሳልፍ ግን ተመላሽ የተፈቀደው ከብርቱ ተቃውሞ በኋላ ነው። ዕቅድ ሊለወጥ ይችላል፤ የለወጠው ወገን ግን ሳይለመን ገንዘቡን ማቅረብ ነበረበት ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ «ያለ ዲአርኤም» ተብሎ ቃል ከተገባልኝ በኋላ የተላከልኝ የስቲም ኮድ ነው። ቃሉ መፈጸሙን እንዴት ላረጋግጥ? ኩባንያው ቢዘጋ ቁልፉን መስበርስ ሕጋዊ ነው?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ስቲም ላይ መገኘት ብቻውን ጨዋታው ተቆልፏል ማለት አይደለም፤ የስቲምን መቆለፊያ መጠቀምና አለመጠቀም የአዘጋጁ ምርጫ ነው። በቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉ። ጨዋታውን አውርደው ሲጨርሱ አቃፊውን በሙሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይቅዱት፤ ከዚያ ስቲም ወዳልተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር ይውሰዱት፤ ዋይፋዩን ያጥፉና የጨዋታውን ፋይል በቀጥታ ይክፈቱ። ከተከፈተና ያቆሙትን ጨዋታ አስቀምጦ መልሶ ካመጣልዎ ከዲአርኤም ነጻ ነው። ስቲምን ልክፈት ካለ ወይም ምንም ሳይል ከተዘጋ ግን የተሰጠዎት ቃል አልተፈጸመም። ስቲም ራሱ ያለ ኢንተርኔት መጫወት የሚያስችል አማራጭ እንዳለው እናውቃለን፤ ይሁንና ያ አማራጭ አስቀድሞ በአካውንት መግባትን ስለሚጠይቅ ከዚህ ሙከራ ጋር አንድ አይደለም።

የፖላንዱ ጎግ ከ2008 ጀምሮ ጨዋታዎችን ያለ ዲአርኤም የሚሸጥ መደብር ሲሆን፣ ከአካውንትዎ ራሱን የቻለ የመጫኛ ፋይል ያወርዳሉ። ትልልቅ ጨዋታዎች በብዙ ክፍል ተከፋፍለው ስለሚመጡ አንዱም ክፍል እንዳይጎድል ያረጋግጡ፤ ከታላላቅ ማሻሻያዎች በኋላም አዲሱን ፋይል ያውርዱ፤ የቀድሞው ፋይል ከነጉድለቱ እንደነበረ ይቀራልና። ሳያወርዱ በመደብሩ ገጽ ላይ ተማምኖ መተው ግን ነጻነቱን በወረቀት ብቻ ያስቀረዋል፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ በአሜሪካ በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ቁልፍ መስበርን በጠቅላላው ይከለክላል። ሆኖም ከ2015 ጀምሮ ኩባንያው የማረጋገጫ ሰርቨሩን ሲዘጋ፣ ጨዋታውን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ሰው በግል መጫወቱን ለመቀጠል የሚያስችለው ጠባብ ልዩ ፈቃድ ተሰጥቷል። ፈቃዱ በየሦስት ዓመቱ የሚታይ ስለሆነ አንድ ነገር ከማድረግዎ በፊት በወቅቱ የሚጸናውን ዝርዝር ያንብቡ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ የካሊፎርኒያ ሕግ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ እንዲናገር ያስገድዳል፤ ያለ ኢንተርኔት ለዘለቄታው ሊቀመጥ የሚችል ፋይል የሚሰጡትን ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ያደርጋል። ተጫዋቾች ለዓመታት ሲሟገቱለት የኖሩት ልዩነት በሕግ ጽሑፍ ላይ መስፈሩ ደስ አሰኝቶናል።

ጥያቄ፦ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጨዋታ እየሠራን ነው፤ በኪክስታርተር ገንዘብ ልናሰባስብ አስበናል። ያለ ዲአርኤም ብንሰጥ ሰዎች በነጻ እየገለበጡ ይጎዱናል ብለን ፈራን። ምን ትመክሩናላችሁ?
ከቶሮንቶ

መልስ፦ ፍርሃታችሁ ተገቢ ነው፤ ልፋታችሁ ያለ ክፍያ ሲገለበጥ ማየት የሚያቃጥል ነገር ነው። ነገር ግን የመዋጮን ልዩ ጠባይ አስቡት። ትልልቅ ኩባንያዎች እንደ ዴኑቮ ላሉ መቆለፊያዎች የሚከፍሉት ጨዋታው በወጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት የሚገኘውን ሽያጭ ለመጠበቅ ነው፤ ወጪያቸውን የሚመልሱት በዚያ ነውና። እናንተ ግን ከወጪያችሁ ብዙውን የምታገኙት ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት፣ ለመክፈል በራሳቸው ፈቃድ ከመጡ ሰዎች ነው። ቁልፉ ከተሰበረ ደግሞ ያልከፈለው ሰው ቁልፍ የሌለውን ቅጂ ሲጫወት፣ ያዋጣው ሰው ከነቁልፉ ይቀራል።

የጨዋታ ስቱዲዮው ደብል ፋይን በ2012 ከ87,000 በላይ ከሆኑ ሰዎች 3.3 ሚሊዮን ዶላር ሲያሰባስብ፣ ሌላው ስቱዲዮ ኦብሲዲያንም በዚያው ዓመት ፒላርስ ኦቭ ኢተርኒቲን ለመሥራት ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ሲያገኝ፣ ሁለቱም ያለ ዲአርኤም የሆነ ቅጂ አቅርበው ነበር፤ ኦብሲዲያን በ2015 ጨዋታውን በስቲምና በጎግ በአንድ ቀን አውጥቷል። አስቀድሞ እንዳይሾልክ የምትሰጉ ከሆነ ያለ ዲአርኤም የሆነውን ፋይል ለመዋጮ ሰጪዎች በመውጫው ቀን መስጠት ትችላላችሁ፤ ይህንንም ቀድማችሁ ከተናገራችሁ የሚቀየም ሰው አይኖርም።

ሳይከፍሉ ከሚገለብጡት ሰዎች ይልቅ እኛን የሚያሰጋን ከዘመቻው በኋላ የምትፈርሙት ውል ነው። አሳታሚ ሲመጣ ዲአርኤም በውሉ አንቀጽ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ ለመዋጮ ሰጪዎቻችሁ የገባችሁትን ቃል ከውሉ ጋር አያይዛችሁ አስፈርሙ። የብዙ ተጫዋቾች ክፍል ካለው ደግሞ ያ ክፍል ሰርቨር እንደሚፈልግ፣ የብቻው ክፍል ግን እንደማይፈልግ በዘመቻው ገጽ ላይ ለይታችሁ ጻፉ፤ ሰርቨሩን ማንቀሳቀስ ስታቆሙ ሶፍትዌሩን ለተጫዋቾች ትለቁ እንደሆነም ከአሁኑ ወስኑና እዚያው አስፍሩት።