የብርሃን ወጥመዱ ባዶ ሲወጣ

ጥያቄ፦ በወንዛችን ሲልቨር ካርፕ የተባለው መጤ ወራሪ ዓሣ ገብቷል። መራባቱን ለማወቅ አራት የብርሃን ወጥመዶች (የዓሣ እጭን በመብራት ስበው በስንጥቅ የሚያስገቡ ዕቃዎች) በዋናው ወራጅ ውሃ ዳር ማታ አጥልቀን ንጋት ላይ እናወጣለን። የመግቢያ ስንጥቃቸው አንድ ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። የምናገኘው ጥቃቅን የውሃ ነፍሳትና ጥቂት ትናንሽ ዓሦች ብቻ ነው። አልተራባም ማለት እንችላለን?

መልስ፦ አትችሉም። ቦታው፣ ስንጥቁና የቆይታ ሰዓቱ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ወጥመዱን ባዶ ሊያስቀሩ ይችላሉ።

ከቦታው እንነሳ። ሲልቨር ካርፕ እንቁላሉን የሚጥለው በወራጅ ውሃ ነው፤ እንቁላሉም እስኪፈለፈል ከፍሰቱ ጋር ይጓዛል። ገና የተፈለፈለ እጭ ዓይኑ ቀለም አልያዘም፣ ወደ ብርሃን የሚዋኝበት አቅምም የለውም። ብርሃን የሚስበው ቀናት ቆይቶ ለመንሳፈፍ የሚረዳው የአየር ከረጢቱ ሲሞላና መመገብ ሲጀምር ነው፤ ያኔ ደግሞ ወደ ረጋው ውሃ ገለል ይላል። ወጥመዱን ወደዚያ አዛውሩት። በወራጁ ላይ ግን በሚሊ ሜትር የሚለካ እጭ መብራቱን ቢያየው እንኳ ውሃው ጠርጎት ያልፋል። ለወራጁ አፉን ወደ ላይኛው ፍሰት ያዞረ፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ ሾጣጣ መረብ ይሻላል፤ እንቁላሉንም ይይዛል።

ስንጥቁን ወደ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር አጥብቡት። ትናንሾቹ ዓሦች የገቡት በአንድ ሳንቲ ሜትሩ ስፋት ነው፤ እጩንም ሳይበሉት አይቀሩም። የአንዱን ሆድ በሹል መቀስ ከፍታችሁ በማይክሮስኮፕ ተመልከቱ። ጥንድ ጥቁር ዓይን ያለው ክር መሳይ ነገር ካገኛችሁ ወጥመዱ እጭ ይዞ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል።

ሌሊቱን ሙሉ ማሳደር ለእነዚህ በላተኞች ጊዜ መስጠት ነው። ባትሪው ሲደክም ወይም ሲነጋ ደግሞ የገባው ተመልሶ ይወጣል። በደንብ ከጨለመ በኋላ 60 ደቂቃ ይበቃል፤ በዚያው ምሽት ቦታ እየቀያየራችሁ ደጋግማችሁ ጣሉት። የአራቱም መብራት ቀለምና ድምቀት አንድ ይሁን፤ አለዚያ ውጤታቸውን ማነጻጸር አይቻልም። ደፍራሽ ውሃና ሙሉ ጨረቃ ብርሃኑን ስለሚያዳክሙት ሁለቱንም መዝግቡ። ቁጥሩንም «በአንድ ወጥመድ በሰዓት ይህን ያህል» ብላችሁ ጻፉ እንጂ የውሃውን እጭ ብዛት አድርጋችሁ አትውሰዱት።

ስታወጡት ቀስ በሉ። በችኮላ ከተነሳ እጩ በወጥመዱ ታችኛው ወንፊት ላይ ተጣብቆ ይቀደዳል።

የካርፕ ዝርያዎችን እጭ በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር ናሙናው ለዘረመል ምርመራ መዘጋጀት አለበት። ፎርማሊን ዘረመሉን ስለሚያበላሽ ለማቆያ 95 በመቶ ኢታኖል (አልኮል) ተጠቀሙ፤ እጩ ከናሙና ማሰሮው ሲሶ አይብለጥ፣ ኢታኖሉም በማግስቱ ይቀየር። ቀን፣ ሰዓትና ቦታ በእርሳስ የተጻፈበት ወረቀት ማሰሮው ውስጥ ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ኢታኖል ውስጥ ይለቃል። ወጥመዱን ወደ ሌላ ውሃ ከመውሰዳችሁ በፊት ውሃውን እዚያው አንጠፍጥፉ፣ እጠቡት፣ ስንጥቁና ወንፊቱ ጭምር እስኪደርቅ ጠብቁ።