ውርጭና ባትሪ፦ ከጎጃም አሽከርካሪዎች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ደብረ ማርቆስ ላይ ፕላግ-ኢን ሃይብሪድ፣ ማለትም በሶኬትም በቤንዚንም የሚሄድ መኪና መንዳት ከጀመርኩ ይሄ ሦስተኛ ታኅሣሤ ነው። ውርጩ ሲገባ ጥያቄው ይበዛል። ሁሉም ሰው መኪናው የታመመ ይመስለዋል። ስለዚህ ያላችሁን ጠይቁኝ አልኩ፣ ጠየቃችሁኝ። የኔ መኪና ባትሪ 18 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። የናንተ ከዚህ ካነሰ ወይም ከበለጠ ቁጥሮቹን በዚያው ልክ አስተካክሏቸው።

ጥያቄ፦ ከእንጅባራ ነኝ። ሚያዝያ ላይ ሙሉ ባትሪ 80 ኪሎ ሜትር ይለኝ ነበር። አሁን 60 አያልፍም። ባትሪው ሞተ እንዴ?

አይዞህ ወንድሜ፣ አልሞተም። በርዶት ነው። ማር በብርድ ጊዜ ከማሰሮው እንዴት እንደሚወርድ ታውቃለህ። ማሩ አልጎደለም፣ ግን ይዘገያል፤ ጥቂቱም ማሰሮው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የሊቲየም ባትሪም በብርድ እንደዚያ ነው። ሙቀት ሲመለስ የቀረው ይመለሳል።

ከባትሪው ይልቅ ግን ማሞቂያውን ጠርጥር። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመኪና ማሞቂያ መጀመሪያ ላይ ከ3 እስከ 5 ኪሎዋት ይስባል። ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሄድ መኪና ለመሄጃው የሚወስደውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እንጅባራ ላይ ጠዋት ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍተህ ስትነዳ ሁለት መኪና እየነዳህ ነው ማለት ይቻላል። የወንበር ማሞቂያ ካለህ እሱን ተጠቀም። የሚወስደው 100 ዋት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ልብስም ደርብ። ጋቢ ግን አልመክርህም፣ መሪ ላይ ይጠመጠማል። ወፍራም ጃኬት ይሻላል።

ዳሽቦርዱ ላይ የምታየው ቁጥር ደግሞ ግምት ነው። ያለፉትን ቀናት አነዳድህን አይቶ ነው የሚገምተው። ሚያዝያ ደርሶም 60 ላይ ከቆየ ያኔ አስመርምረው።

ጥያቄ፦ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ጠዋት ጠዋት የቤንዚኑ ሞተር በራሱ ይነሳል። መኪናዬን በኤሌክትሪክ ለመንዳት አይደል እንዴ የገዛሁት? (ደብረ ማርቆስ)

እህቴ፣ የኔም እንደዚያ አድርጎኝ ነበር። ማታ ስትገቢ ማሞቂያውን ሳታጠፊ ነው የምትወርጂው አይደል? ብዙ ፕላግ-ኢን ሃይብሪዶች ሙቀት ሲጠየቁ ሞተሩን ያስነሳሉ። ሙቀቱን የሚያገኙት ከራዲያተሩ ውሃ ነውና። የፊት መስታወት ጭጋግ ማጥፊያውን መጫንም አንዳንዱ ላይ ሞተር ያስነሳል። እንግዲህ ማታ ከመውረድሽ በፊት ማሞቂያውን አጥፊው። ጠዋት መኪናውን ክፈቺ፣ ተነሺ፣ ከዚያ የሚያስፈልግሽን ብቻ አብሪ።

መስታወቱ ጉም ከለበሰብሽ ሙቀት ሳይሆን ደረቅ አየር ነው የሚፈልገው። አየሩ ከውጭ እንዲገባ አድርጊ፣ ኤሲውን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ክፈቺ። ኤሲ እርጥበቱን ይመጥጠዋል። መስታወቱን ከውስጥ በኩል በንጹሕ ጨርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ መወልወል ደግሞ ከምታስቢው በላይ ይረዳል። የቆሸሸ መስታወት ቶሎ ጉም ይይዛል።

ጥያቄ፦ አባቴ ሞተር ሳይሞቅ መኪና አይነዳም ይላሉ። አሥር ደቂቃ አስነስቼ ላቁመው? (ፍኖተ ሰላም)

የአባትህ ምክር ለድሮ መኪና ትክክል ነበር። ለዚህ ግን አያስፈልግም። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፣ ቤንዚኑም በከንቱ ይሄዳል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ በቀስታ ንዳ፤ ያ በቂ ነው።

ዋናው ቁምነገር ሌላ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚበላው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ሄደህ፣ አጥፍተህ፣ እንደገና ሦስት ኪሎ ሜትር ከሄድክ ሁልጊዜ ውዱን ክፍል ብቻ ነው የምትነዳው። እኔ ሥርዓት አለኝ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ገበያ፣ ከገበያ ቤተ ክርስቲያን በባትሪ ብቻ ነው። ሞተሩ የሚነሳው ረጅም መንገድ ስወጣ ነው፤ ከተነሳም ሞቆ ሥራውን ይሠራል።

ጥያቄ፦ ቻርጅ ሳደርግ ብሬከሩ እየዘጋ አስቸገረኝ። ስንት ሰዓት ላይ ልሰካው? (ቢቸና)

መጀመሪያ ምጣዱን ጠይቅ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ደግሞ 2 ኪሎዋት ያህል ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የቤት መስመር አይችላቸውም። እኛ ቤት እንጀራ የሚጋገር ቀን መኪናው ይጠብቃል፣ ባለቤቴ ጨርሳ ስትነግረኝ ነው የምሰካው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ለብርድ የሚሻለው መሙላቱ ከመነሳትህ ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲያልቅ ነው። ባትሪ ሲሞላ ትንሽ ይሞቃል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ጨርሶ ሌሊቱን ሙሉ ውርጭ ላይ ካደረ ያ ሙቀት ይባክናል። ባዶው ባትሪ ለመሙላት 9 ሰዓት ገደማ ከፈጀና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የምትወጣ ከሆነ ማታ 4 ሰዓት ላይ ስካው። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆንክ ግን ይሄን ተወው፣ መብራት ሲኖር ሙላ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ አትሙላ። ለብዙ ሰዓት ሲሠራ ይግላል፣ ይቀልጣል። ሶኬቱን በእጅህ ንካው፤ ከሞቀህ አውጣና ኤሌክትሪሺያን ጥራ። ግራውንዱም በትክክል መሬት መውረዱን ይይልህ።

ጥያቄ፦ ወደ አዲስ አበባ ስወርድ ዓባይ በረሃን በባትሪ ልለፈው ወይስ በቤንዚን? (ደብረ ማርቆስ)

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ተቃጥዬበታለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ደጀን አደርኩ። ያረፍኩበት ቤት ሶኬት ነበር። ደስ ብሎኝ ባትሪውን 100 በመቶ ሞላሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ እጄ ከመሪው ጋር እስኪጣበቅ ድረስ በርዶኝ መውረድ ጀመርኩ። መኪናው እንደ ወትሮው ቁልቁለት ላይ ራሱን እየያዘ ባትሪውን መሙላቱ ቀረ። ፍሬኑን መርገጥ ብቻ ሆነ። ጥቂት ጠመዝማዛ እንደ ወረድኩ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ወርጄ ወደ ጎማው እጄን ሳስጠጋ ሙቀቱ ከሩቅ ይገርፋል። የፍሬን ሸራው ነው። ግማሽ ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዝንጀሮዎቹን እያየሁ አስቀዘቀዝኩት።

ምን ሆነ? ባትሪው ሙሉ ስለነበር የቁልቁለቱን ኃይል ማስገቢያ ቦታ አልነበረውም። በዚያ ላይ ሌሊቱን ስለበረደው ቦታ ቢኖረውም ብዙ መቀበል አይችልም ነበር። ሙሉና ቀዝቃዛ ባትሪ ይዞ ዓባይ መውረድ ከሁሉ የከፋው ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ በ20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይለቃል። ጎማና አየር የሚበሉት፣ መንገድ ላይ የሚባክነው ተቀንሶ 3 ያህሉ ወደ ባትሪ ሊመለስ ይችላል። ለኔ ባትሪ ያ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ በነፃ።

ስለዚህ ከማርቆስ ስትነሳ በባትሪ ጀምር። እስከ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባትሪው 60 በመቶ ሲደርስ ኃይል ማቆያውን፣ ማለትም ባትሪው ባለበት እንዲቆይ የሚያደርገውን ቁልፍ ጫን፣ ከዚያ ሞተሩ ይሥራ። ደጀን ስትደርስ ባትሪው በመንገዱ ሞቋል፣ ባዶ ቦታም አለው። ማርሹ ላይ ቢ (B) የሚል ካለ ለቁልቁለቱ እሱን ተጠቀም፣ ፍሬን ሳትረግጥ መኪናውን ይይዝልሃል፣ ቀስ ብለህ ውረድ። ድልድዩ ጋ 75 በመቶ ገደማ ይዘህ ትደርሳለህ። ጃኬትህንም እዚያ ታወልቃለህ፣ ታች በረሃ ነው።

ወደ ጎሐ ጽዮን ያለው አቀበት ላይ ያ ባትሪ ሥራው ይመጣል። ቱርቦ፣ ማለትም አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው ሞተር ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ባትሪ ግን አየር አይተነፍስም። ባትሪህን ጨርሰህ ድልድዩ ጋ ከደረስክ ሞተሩ ብቻውን እየጮኸ ነው የሚያወጣህ። ሁለቱም አብረው ሲሠሩ መኪናው አቀበቱን ሳይጨነቅ ይወጣል።

ጥያቄ፦ በብርድ የጎማ ንፋስ ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሙቀቱ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ሲቀንስ 1 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ይወርዳል። ጎሚስታ ጋ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለካው። ልኩ የሾፌሩ በር ጎን የተለጠፈው ነው።

ጥያቄ፦ ከተማ ውስጥ ብቻ ስለምነዳ ታንኩን ሁለት ወር ሆኖኛል ያልነካሁት። ችግር አለው? (ሞጣ)

ቤንዚን ሲቆይ ይበላሻል። ታንኩን ሙሉ አታስቀምጠው፣ ግማሽ ይበቃል። በወር አንድ ጊዜ ግን ሞተሩን አስነስተህ ግማሽ ሰዓት ያህል ከከተማ ውጭ ንዳው፣ በደንብ ይሙቅ። ሞተር በብርድ ለሦስት ደቂቃ ብቻ እየተነሳ ሲጠፋ ዘይቱ ውስጥ ውሃና ቤንዚን ይጠራቀማል። ዘይቱንም ኪሎ ሜትሩ አልሞላም ብለህ አትተወው፣ በጊዜው ቀይር።

ጥያቄ፦ እኔ የማርቆስ ልጅ ነኝ፣ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህ ከዜሮ በታች 20 ይሆናል። የናንተ ምክር ለኔ ይሠራል?

ወንድሜ፣ ያንተማ ሌላ ብርድ ነው። እኛ ጋ የሚቀንሰው ርቀት ነው፣ አንተ ጋ ግን ባትሪው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዜሮ በታች የበረደ ሊቲየም ባትሪን በኃይል መሙላት ይጎዳዋል። መኪናው ይሄን ስለሚያውቅ መሙላቱን ያዘገያል፣ ወይ ባትሪውን መጀመሪያ ያሞቃል። ስለዚህ ከሥራ እንደገባህ፣ ባትሪው ሳይቀዘቅዝ ስካው። ጠዋት ከመነሳትህ በፊት ገመዱ ሳይነቀል ውስጡን አሙቅ። ሙቀቱ ከግድግዳው መብራት ይምጣ እንጂ ከባትሪው አይሁን። በዚያ ብርድ ሞተሩ ቢነሳ አትጣላው፣ ብዙ ሞዴሎች ሆን ብለው ያስነሱታል። የበረዶ ጎማ ላይ አትቆጥብ፣ እሱ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ሦስት ሳምንት ቆሞ ስመለስ መኪናው በሩን እንኳ አልከፍት አለኝ። ትልቁ ባትሪ ግን ሞልቶ ነበር። (ዳንግላ)

የሞተችው ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ናት። በርና ኮምፒውተሩን የምታነቃው እሷ ናት፤ ትልቁ ባትሪ ቢሞላም እሷ ከሌለች አይነሳም። በብርድ ጉልበቷ ይቀንሳል፣ ቆሞ ሲቆይም ቀስ በቀስ ትወርዳለች። ብዙ ጊዜ ከሌላ መኪና 12 ቮልት ባትሪ በኬብል ማስነሳት ይበቃል፣ መመሪያው ላይ ባለው ቦታ ብቻ አያይዝ። ከዚያ አስመርምራት፣ ካረጀች ቀይራት። በሩን ለመክፈት ደግሞ ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀች የብረት ቁልፍ አለች። ዛሬውኑ አውጥተህ በሩ ላይ ሞክራት።