አዲስ ባትሪ ገብቶም መኪናው አልነሳ ካለ

ጋራዡ ቢልህም ሁለተኛ ባትሪ እንዳትገዛ። አዲሱ በሳምንቱ ከሞተ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲናሞው ነው፤ ቻርጅ እያደረገ ላይሆን ይችላል።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለህ ባትሪውን ራስህ ለካው፦

1. መኪናው ጥቂት ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፦ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል።
2. ሞተሩን አስነሳና የፊት መብራት አብራ፦ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው ደህና ነው። አዳዲስ መኪኖች ላይ ኮምፒውተሩ ስለሚቆጣጠረው ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። 12 ላይ ከቀረ ግን ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ እይ፤ እሱ ካልላላ አብዛኛውን ጊዜ ዲናሞው ነው።

ሁለቱም ልኬቶች ደህና ከሆኑ መኪናው ቆሞ ባትሪ የሚበላ ነገር ሊኖር ይችላል። የሻንጣ ቤት መብራትና በኋላ የተገጠመ ቴፕ ወይም አላርም ላይ ጀምር።

ውጭ አገር የእጅ ዋጋ ውድ ስለሆነ ብዙ ጋራዥ ከመፈተሽ ይልቅ እቃ መቀየር ይቀናዋል። እኔ መካኒክ ሆኜም ይሄ አይዋጥልኝም። «ስንት ቮልት አገኛችሁ?» በላቸው። ቁጥር ካልነገሩህ አልለኩም።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ዲናሞ ለመሞከር ሞተሩ እየሰራ የባትሪ ገመድ እንዳትነቅል። የድሮ መካኒኮች ዘዴ ነው። ዛሬ ግን ቮልቱ በድንገት ይዘልና የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። እንዲህ ተቃጥለው የመጡ መኪኖች አይቻለሁ፤ ጥገናው ከዲናሞው በላይ ያስወጣል።